ቄስ የሚመርጠው ማን ነው?

  

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ እንግሊዞች ቤተ ክርስቲያን ነው። «ይኼ ልጅ ደግሞ ምን ነካው? ከቤተ ክርስቲያን ምን አገናኘው?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እናቴም እንደዚሁ ነው ያለችኝ። ነገሩ ግን ስለ እምነታቸው አይደለም። አንድ ደብር ቄሱ ሲሞትበት ወይም ሲለቅበት ሌላውን የሚመርጥለት ማን ነው? ጥያቄዬ ይህ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍሁት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

የአጎቴ ልጅ ከኬምብሪጅ ከተማ ብዙ በማይርቅ መንደር ትኖራለች። ሚሉኢም ጨርሼ ትንሽ ልረፍ ብዬ እሷ ዘንድ አሥር ቀን ተቀምጬ ነበር። ጎረቤቷ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴትዮ ናቸው። አንድ ቀን ጠዋት ረጅም መሰላል ተሸክመው ሲንገዳገዱ አየሁና ሮጬ ተቀበልኋቸው። የቤተ ክርስቲያናቸው ደጃፍ አምፖል ተቃጥሎ ሊለውጡ ነበር የሚሄዱት። እኔ በሙያ ትምህርት ቤት የተማርሁት ኤሌክትሪክ ነው፤ በጸባም ሳለሁ እጄ ከሽቦ ተለይቶ አያውቅም። መሰላሉን አቁሜ አምፖሉን ለወጥሁላቸው። «ግባና ሻይ ጠጣ» ቢሉኝ ግን ከደጃፉ አላለፍሁም። እንዲህ ያለ ደጃፍ ስደርስ እግሬ ለምን እንደሚከብድ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። ሴትዮዋ አልተቀየሙም፤ ሻዩን ወደ ውጭ አወጡትና በድንጋዩ መደብ ላይ ተቀመጥን።

ከራሴ በላይ የማስታወቂያ ሰሌዳ አለ። የቪካሩ ስም በሚጻፍበት ቦታ ላይ «ክፍት» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ቪካር ማለት የደብሩ ቄስ ማለት ነው። «አሥራ አራት ወር ሆነን» አሉኝ። እሳቸው ከሁለቱ የደብሩ ሹሞች አንዷ ናቸው። በአገራችን ክርስቲያኖች ዘንድ ገበዝ የሚባለውን ዓይነት ሥራ ነው የሚሠሩት፤ ንብረቱን ይጠብቃሉ፣ ቁልፉን ይይዛሉ፣ ቄስ በሌለ ጊዜ ደግሞ ሸክሙ ሁሉ በእነሱ ላይ ይወድቃል። «ታዲያ ቄሱን የሚመርጥላችሁ ማን ነው? ጳጳሱ ነው?» አልኋቸው። «ጳጳሱም አለበት፣ እኛም አለንበት፤ ቄሱን የማቅረብ መብቱ ግን የአንድ የኬምብሪጅ ኮሌጅ ነው» አሉኝ። እኔ እንግሊዝኛውን ያልሰማሁ መሰለኝ። ኮሌጅ? ትምህርት ቤት ለመንደር ቄስ ይመርጣል?

ነገሩ ከአእምሮዬ ያልወጣው በእኛም ስለደረሰ ነው። በከተማችን የነበሩት ቄስ ካረፉ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ያለ ቄስ ቆይተናል። ለቅሶ ሲደርስ ሽማግሌዎቹ ከሌላ ከተማ ቄስ ለማምጣት ሌሊቱን ሙሉ ሲደዋውሉ ያድሩ ነበር። ስብሰባ ስንቀመጥ አንዱ ወገን «ቄስን የሚሾሙት ቄሶች ናቸው፣ ሕዝቡም ይመሰክርለታል፣ እንደ አባቶቻችን ሥርዓት ይሁን» ይላል። ሌላው «ደመወዝ የሚከፍለው መሥሪያ ቤት ካልተቀበለው ምን ዋጋ አለው?» ይላል። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ለደብዳቤያችን መልስ አልሰጠም። እና ሴትዮዋ «አሥራ አራት ወር» ሲሉኝ ሆዴ አወቀላቸው። ከዚያ ወዲህ ባገኘሁት ጊዜ ሁሉ ስለዚህ ነገር ሳነብ ከረምሁ።

መጀመሪያ ነገሩ የመሬት ነገር ነበር። በጥንቱ የእንግሊዝ አገር ባለ ርስቱ በመሬቱ ላይ ለራሱና ለገባሮቹ ቤተ ክርስቲያን ይሠራል። የሠራው እሱ ስለሆነ ቄሱንም እሱ ያስቀምጣል፤ እንደ ወፍጮው እንደ በረቱ አድርጎ ይቆጥረዋል። በ12ኛው መቶ ዘመን ጳጳሳቱ «ቄስ የሚሾም ቤተ ክህነት ነው» ብለው ተነሡና ነገሩ በስምምነት ተከፈለ። ባለ ርስቱ ሰውየውን ያቀርባል፣ ጳጳሱ መርምሮ ይሾማል። ይህ የማቅረብ መብት በእነሱ ቋንቋ አድቫውዘን ይባላል፤ ባለ መብቱም ፓትሮን ነው። ጳጳሱ ያለ በቂ ምክንያት የቀረበለትን ሰው አልቀበልም ማለት አይችልም። ባለ መብቱም ስድስት ወር ሙሉ ማንንም ሳያቀርብ ከቀረ ለዚያ ጊዜ ምርጫው ወደ ጳጳሱ ያልፍ ነበር። በ1164 ንጉሥ ሄንሪ 2ኛ የዚህ መብት ክርክር የሚታየው በንጉሥ ችሎት እንጂ በቤተ ክህነት ፍርድ ቤት አይደለም ብሎ ደነገገ። ያን ጊዜ ቁርጡ ታወቀ፤ ቄስ የማቅረብ መብት ንብረት ሆነ። ይወረሳል፣ ለጥሎሽ ይሰጣል፣ ይሸጣል፣ ይለወጣል።

«ቪካር» የሚለው ቃል ራሱ ታሪክ አለው። በላቲን ምትክ ማለት ነው። ብዙ ባለ ርስቶች ለነፍሳቸው ብለው ደብሩን ለገዳማት ሰጡ። ገዳሙም የእህሉን አሥራት ለራሱ እየሰበሰበ በደብሩ ላይ ምትክ ቄስ ያስቀምጣል፤ ለምትኩ የሚተርፈው ትንሹ አሥራት ነው፣ ጠቦት፣ ዶሮ፣ የጓሮ ፍሬ። ሙሉውን አሥራት የሚበላው ቄስ ሬክተር ይባላል፣ በትንሹ የሚኖረው ቪካር። ከዚያ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ከ1536 እስከ 1540 ባሉት ዓመታት ገዳማቱን ሁሉ ዘጋ። መሬታቸውም፣ አሥራታቸውም፣ ቄስ የማቅረብ መብታቸውም ወደ ንጉሡና ከንጉሡ ወደ ገዙት መኳንንት ሄደ። ስለዚህ መስቀል ይዞ የማያውቅ ሰው የአሥር ደብር ቄስ መራጭ ሆኖ ቁጭ አለ።

ውጤቱ ምን እንደሚሆን መቼም መገመት አያቅትም። ታላቁ ልጅ ርስቱን ይወርሳል፣ ሁለተኛው ጦር ሠራዊት ይገባል፣ ታናሹ ደብሩን ይይዛል። ደብር መሬት አለው፣ ቤት አለው፣ አሥራት አለው፤ አንዴ የተሾመም እስኪሞት ድረስ የሚነቅለው የለም ማለት ይቻላል። ሲሞኒያ የሚባል ክልከላ ነበር፣ ማለት ቅዱስ ነገርን በገንዘብ መግዛት። ቦታው ክፍት ከሆነ በኋላ መብቱን መግዛት ወንጀል ነው። የድሮው ቄስ በሕይወት ሳለ ግን መግዛት ይቻላል! ስለዚህ በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን በእንግሊዝ ጋዜጣ ላይ ደብር ለሽያጭ ሲወጣ ገቢው ይጻፋል፣ የቤቱ ስፋት ይጻፋል፣ ከዚያ የቄሱ ዕድሜ ይጻፋል። ያረጀ ቄስ ያለበት ደብር ዋጋው ይወደዳል፤ ገዢው ብዙ አይጠብቅማ። ይህን ሳነብ ምሳዬን አቋርጬ ሳቅሁ፤ ቆይቼ ግን ያ ሽማግሌ ቄስ ጋዜጣውን አንብቦ እንደሆነ አሰብሁና ሳቄ ጠፋ።

ኮሌጆቹስ? በኦክስፎርድና በኬምብሪጅ የኮሌጅ አባል የሆነ መምህር ሚስት ማግባት አይፈቀድለትም ነበር፤ ደንቡ የላላው በ19ኛው መቶ ዘመን ማለቂያ ነው። ማግባት የፈለገ መምህር ኮሌጁ መብት ካለው ደብሮች አንዱ እስኪለቀቅ ይጠብቃል። ሲለቀቅለት ማስተማሩን ትቶ፣ አግብቶ፣ የገጠር ቄስ ይሆናል። ለዚህ ነው ኮሌጆቹ መብቱን ሲገዙና በስጦታ ሲቀበሉ የኖሩት። እጮኛውን ይዞ የአንድ ሽማግሌ ቄስ መሞት የሚጠባበቅ መምህር አስቡት እስቲ።

እዚህ ላይ እኛን የሚያስገርም አንድ ነገር ልጨምር። ከ1605ቱ የባሩድ ሴራ በኋላ በወጣው ሕግ ካቶሊክ የሆነ ባለ መብት ቄስ እንዳያቀርብ ተከለከለ፤ መብቱም ወደ ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ዞረ። አይሁዳዊ ግን በግሉ መብቱ ካለው ማቅረብ ይችል ነበር። በ1858 አይሁዶች ፓርላማ እንዲገቡ የፈቀደው ሕግ ያገደው ከመንግሥት ሹመት ጋር የመጣውን መብት ብቻ ነው፤ እሱ ወደ ካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ እንዲተላለፍ አዘዘ። እንግዲህ ርስት ገዝቶ ከርስቱ ጋር ደብር የተከተለው አይሁዳዊ ለክርስቲያኖች ቄስ ሊያቀርብ በሕግ ይችል ነበር ማለት ነው። ሽማግሌዎቻችን ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን?

በዚህ ሁሉ ውስጥ የሕዝቡ ድምፅ የት ነበር? እንደ ለንደኑ ክለርክንዌል ያሉ ጥቂት ደብሮች ቄሳቸውን በድምፅ ይመርጡ ነበር። የሌላው ሕዝብ ድርሻ የመጣለትን መቀበል ነው። ካልተቀበለስ? ይህን ለማየት ወደ ኬምብሪጅ ልውሰዳችሁ፤ እኔም በባቡር ሄጄ ቦታውን ከውጭ አይቼዋለሁ።

በገበያው ጎዳና ላይ ቅድስት ሥላሴ የሚባል የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አለ። በጥቅምት 1782 ቄሱ ሞቱ። የደብሩ ሰዎች ሲያገለግላቸው የኖረውን ረዳት ቄስ ጆን ሃሞንድን ፈለጉ፤ ያውቁታል፣ ያውቃቸዋል። የማቅረቡ መብት ግን የኢሊው ጳጳስ ነበር። ለጳጳሱ ደግሞ ከአንድ ሀብታም ሰው ደብዳቤ ደረሰው፤ ልጄን ሹምልኝ የሚል። ልጁ ቻርልስ ሲምዮን ይባላል፣ 23 ዓመቱ ነው፣ ዲያቆን ከሆነ ገና ጥቂት ወሩ ነው፣ ቄስም አልሆነም። (ስሙ ስምዖን ቢሆንም አይሁዳዊ አይደለም።) ሲምዮን ሕዝቡ እንደማይፈልገው ሲያይ ልተው ብሎ ነበር። ጳጳሱ ግን አንተ ብትተወውም ሃሞንድን አልሾመውም አለ፤ ሕዝቡ እጁን ሊጠመዝዘው እንደሞከረ ቆጥሮታል። ሲምዮንም ያዘው።

ሕዝቡ ምን አደረገ መሰላችሁ? በዚያ ዘመን በቤተ ክርስቲያናቸው የነበረው መቀመጫ በር ያለው የእንጨት ሳጥን ነው፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ አለው። ሁሉም የሳጥናቸውን በር ቆልፈው ቁልፉን በኪሳቸው አድርገው ቤታቸው ቀሩ። ለመስማት የመጣ ሰው በመተላለፊያው ቆሞ ነው የሚሰማ። ሲምዮን በራሱ ገንዘብ አግዳሚ ወንበር አሠርቶ በመተላለፊያው ላይ ደረደረ፤ ሹሞቹ እያወጡ ግቢ ውስጥ ጣሉት። የእሑድ ከሰዓት ስብከት ደመወዝ የሚከፍለው ሕዝቡ ስለነበር እሱን ለሃሞንድ ሰጡት። አምስት ዓመት ሃሞንድ ሰበከ፣ ከዚያ ሰባት ዓመት ሌላ ሰው ሰበከ፤ ለሲምዮን የደረሰው በ1794 ነው። እሱም የምሽት ጉባኤ ልጀምር ቢል ሹሞቹ የቤተ ክርስቲያኑን በር ቆልፈው ሄዱ፤ ሕዝቡ መንገድ ላይ ቆመ። ያን ምሽት ቁልፍ ሠሪ አስጠርቶ በሩን አስከፈተ። እኔ የእጅ ሥራ ሰው ስለሆንሁ ሐሳቤ ወደዚያ ቁልፍ ሠሪ ሄደ። ጎረቤቶቹ ከቄሱ ጋር በተጣሉበት ቁልፍ ላይ እጁን ሲያሳርፍ፣ በነጋው ገበያ ላይ ምን አሉት? ሲምዮን ግን ይህን አልደገመውም፤ ከዚያ በኋላ የምሽቱን ጉባኤ ተወው።

ከአሥር ዓመት በላይ ሳጥኖቹ እንደተቆለፉ ኖሩ። ልብ በሉ፣ አሥር ዓመት! እኛ ሁለት ዓመት አልቻልነውም። እሱ ግን አልሄደም። ድሆችን እየጠየቀ፣ ተማሪዎችን በክፍሉ ሰብስቦ እያስተማረ ቆየ። ተማሪዎች ሊያሾፉበት እየመጡ ይረብሹ ነበር፤ ከእነዚያው መካከል ብዙዎቹ ደቀ መዝሙሮቹ ሆኑ። በዚያ ደብር 54 ዓመት አገልግሎ በኅዳር 1836 ሲሞት የከተማው ሱቆች ተዘግተው በኪንግስ ኮሌጅ ጸሎት ቤት ተቀበረ። የቆለፉበት ሰዎች ልጆች ሬሳውን ተከትለው እንደሆነ አልጠራጠርም።

እንግዲህ ምን እንበል? ሕዝቡ ተሳሳተ? ጳጳሱ ልክ ነበር? ጳጳሱ በእርግጥ ሲምዮንን ያወቀው በጸሎቱ ሳይሆን በአባቱ ደብዳቤ ነው። በዕድል የወጣ ጥሩ ነገር በሥርዓት አይቆጠርም ባይ ነኝ። ሲምዮን ራሱ ግን የወሰደው ትምህርት ሌላ ነው። በኋለኛው ዘመኑ የማቅረብ መብት እየገዛ ለባለ አደራዎች ማስረከብ ጀመረ፤ መብቱ ሁለተኛ ለሽያጭ እንዳይወጣ። በ1835 የከተማ ማዘጋጃ ቤቶች ያላቸውን መብት እንዲሸጡ ሕግ ሲያስገድዳቸው እንደ ባዝ ያሉ ትልልቅ ደብሮችን ገዛ። የሲምዮን ባለ አደራዎች እስከ ዛሬ አሉ፣ ለብዙ ደብሮችም ቄስ ያቀርባሉ። ለእነሱ የተወላቸውን ትእዛዝ አንብቤዋለሁ። የሕዝቡን ጥቅም ብቻ ተመልከቱ፣ የትልልቅ ሰዎችን ልመና አትስሙ፣ ቄሱ ልጅ ብዙ ነው ደሃ ነው ብላችሁ አትዘኑለት ይላል። ቀጥሎ ደግሞ፣ የደብሩ ሰዎች ረዳት ቄሳችንን ሹሙልን ብለው አቤቱታ ቢያመጡ ከሁሉ ይልቅ ተጠንቀቁ ይላል። ሃሞንድን አልረሳውም ማለት ነው! ሃምሳ ዓመት አልፎትም ያ የተቆለፈ በር ይታየዋል። ሰውየውን አከብረዋለሁ፤ እዚህ ላይ ግን በቁስሉ የጻፈ ይመስለኛል።

አሁን እግሬ ለምን እንደከበደ ልንገራችሁ። ሲምዮን በ1809 በለንደን የተቋቋመው፣ ክርስትናን ለአይሁድ ለመስበክ የተመሠረተው ማኅበር ትልቅ ደጋፊ ነበር። በኢየሩሳሌም በያፎ በር አጠገብ በ1849 የተመረቀውን የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን የሠራው ይኸው ማኅበር ነው። በ1860 ሄንሪ ስተርን የሚባለውን፣ ራሱ አይሁዳዊ ሆኖ ተወልዶ የተጠመቀውን ሰው፣ ወደ ደምቢያና ወደ ጎንደር አካባቢ ወደ አያቶቻችን መንደር የላከውም እሱ ነው። ስተርን በ1863 ዐፄ ቴዎድሮስ አስረውት እስከ 1868 መቅደላ ድረስ ቢቆይም የሚሲዮኑ ሥራ አልቆመም። የተጠመቁት ከሕዝቡ ጥቂቶቹ ነበሩ፤ ግን ወንድም ከወንድም ተለያየ፣ መቃብር ተለየ። በ1862 አባ መሃሪ ሕዝቡን ይዘው ወደ ኢየሩሳሌም ሲነሡና ብዙ ሰው በመንገድ ሲያልቅ ያ ጭንቀት በአገሩ ላይ ነበር። የፈረንሳይ አይሁዶች ጆሴፍ ሃሌቪን በ1867 ወደ እኛ የላኩትም ሚሲዮኖቹ መጥተዋል ሲባል ሰምተው ነው። አያቴ «የሚሲዮን ደጃፍ» ሲሉ ምራቃቸውን እንትፍ ይሉ ነበር። ሲምዮን ይህን ሁሉ አላየም፣ ከ24 ዓመት በፊት ሞቷል። ለራሱ ደብር የታገሠ፣ ለድሃ የራራ ሰው፣ የእኛ ቄሶች ለእኛ በቂ እንደሆኑ ግን ሊታየው የሚችል ሰው አልነበረም። ሁለቱንም እጽፋለሁ፤ አንዱን ብቻ ብጽፍ ውሸት ይሆንብኛል።

ወደ እንግሊዝ ልመለስ። ሽያጩ በአንድ ቀን አልቀረም። የ1836ቱ ሕግ አሥራትን በገንዘብ ክፍያ ለወጠው፣ በ1898ና በ1923 የወጡት ሕጎች ሽያጩን እያጠበቡ ሄዱ። በ1921 እያንዳንዱ ደብር በሕግ ሥልጣን ያለው ምክር ቤት አገኘ፤ በአገራችን ሰበካ ጉባኤ የሚሉት ዓይነት ነው። ዋናው ግን በ1986 የወጣው ሕግ ነው። የማቅረብ መብት ከእንግዲህ ጨርሶ አይሸጥም አለ። መብቱ በውርስና በአደራ ቀረ። ባለ መብቱም የቤተ ክርስቲያኑ ቆራቢ አባል መሆኑን ማረጋገጥ አለበት፣ ካልሆነ ቆራቢ የሆነ ወኪል ይሰይማል። ምክር ቤቱ ደግሞ ከአባላቱ ሁለት ተወካይ ይመርጣል። ከሁለቱ አንዱ እንኳ «ይህን ሰው አንቀበልም» ካለ ባለ መብቱ ሰውየውን ማቅረብ አይችልም፤ ካልተስማማ ለሊቀ ጳጳሱ አቤት ይላል። ከ1164 እስከ 1986 ብትቆጥሩ 822 ዓመት ነው። አንድ ደብር «እንቢ» የሚልበት ቃል በሕግ ለማግኘት ብዙ መቶ ዓመታት ፈጀ። ይህ ቃል በ1782 ቢኖር ኖሮ ሳጥን መቆለፍ ባላስፈለገ። እርግጥ ሲምዮንም ባልተሾመ።

የሴትዮዋ ጭንቀት ሌላ ነበር። ጳጳሱ ደብሮችን ማጣመር ሲያስብ የባለ መብቱን ማቅረብ ለተወሰኑ ዓመታት ማገድና በዚያ ጊዜ ኃላፊ ቄስ ብቻ ማስቀመጥ ይችላል። በገጠር ዛሬ አንድ ቄስ አምስትና ስድስት ቤተ ክርስቲያን ይዞ እሑድ እሑድ በመኪና እየተሯሯጠ ነው የሚያደርስ። «ማገድ ከመጣ ከጎረቤት መንደሮች ጋር ያጣምሩንና በወር አንድ ጊዜ ቅዳሴ እናገኛለን። ከዚያ በሩ ይዘጋል» አሉኝ። ስለዚህ የደብሩን ሁኔታ የሚገልጸውን ጽሑፍ ሌሊት እየቆዩ ይጽፉ ነበር። ስንት ሰው እንደሚመጣ፣ ጣራው ምን ያህል እንደሚያፈስ፣ ምን ዓይነት ቄስ እንደሚፈልጉ። ረቂቁን አሳዩኝ፤ ሃያ ገጽ ያህላል፣ ፎቶም አለው። ከዚያ በቤተ ክርስቲያን ጋዜጣ ማስታወቂያ ይወጣል፣ ያመለከቱት ይጠየቃሉ፣ ሁለቱ ተወካዮች፣ ባለ መብቱና ጳጳሱ ይስማማሉ። ከ1994 ጀምሮ ሴቶችም ቅስና ስለሚቀበሉ ሴትም ልትመጣ ትችላለች፤ በመንደሩ ይህን የሚወዱም የማይወዱም አሉ። ጽሑፉ ውስጥ እውነቱን እንጻፈው ወይስ እናሳምረው በሚለው ከሌላው ሹም ጋር ተጣልተዋል። «ጣራው እንደሚያፈስ ይጻፉ፤ የመጣ ቀን ቀና ብሎ ያየዋል» አልኋቸው። ሳቁ። ጻፉትም።

ወደ ቤቴ ከተመለስሁ ከስምንት ወር በኋላ የአጎቴ ልጅ ደወለችልኝ። የመጡት ሦስት ልጆች ያሏቸው ሴት ቄስ ናቸው። ያሾሙበትን ሥርዓት እንዲህ ነገረችኝ። ጳጳሱ የሹመቱን ቃል አንብቦ ባረካቸው። ከዚያ ሊቀ ዲያቆኑ እጃቸውን ይዞ በቤተ ክርስቲያኑ በር ቁልፍ ላይ አሳረፈው፤ ደብሩን ተረከብሽ ማለት ነው። እሳቸውም ገብተው ደወሉን ራሳቸው ደወሉ። ሕዝቡ ደወሉን ይቆጥራል፤ የደወሉት ቁጥር የሚቆዩበት ዓመት ነው ይባላል። «ስንት ደወሉ?» አልኋት። «ሰባት ነው ስምንት፣ ሴትዮዋ ስምንት ነው ብለው ከሰው ሁሉ ጋር ይከራከራሉ» አለችኝ።

አምፖሉንም ጠየቅኋት። እስካሁን ይበራል አለች።

በእኛ ከተማ አሁን አንድ ወጣት ሰው ከሽማግሌ ቄሶች ዘንድ ኦሪቱንና ግዕዙን ሲማር አምስተኛ ዓመቱን ይዟል። መሥሪያ ቤቱ ምን እንደሚል ገና አልሰማንም። ባለፈው ለቅሶ ላይ ግን ጸሎቱን ሲያደርስ የማይተዋወቁት ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ቆመው ሰሙት። በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ተጠርቷል፤ ያን ጊዜ የሆነውን እጽፍላችኋለሁ።

ሻሎም ሁኑ።